የአያ ይርጋ የብረት ብናኝ

ባለፈው ሐምሌ የእህቴ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ተመረቀችና ጎንደር ፒያሳ ካሉት ካፌዎች ባንዱ ኬክ ስትቆርስ እንድገኝላት ተጠራሁ። ኬኩ ሲመጣ አናቱ ላይ እርሳስ የምታክል ወርቃማ ዘንግ ተሰክታበት ነበር። አስተናጋጁ በላይተር ሲለኩሳት ሽሽሽ እያለች ነጭ ብልጭታ መርጨት ጀመረች፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የነበረው ሰው ሁሉ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ፊቱን ጋረደ። ብልጭታውን በዓይኑ ያየ ሰው ቢኖር እኔና አስተናጋጁ ብቻ ነን፤ እሱም ሥራው ሆኖበት ነው። አንድ ደቂቃ ያህል ነደደች፣ ክሬሙ ላይ ጥቁር አመድ ጥላ ጠፋች፣ ሰዉም አጨበጨበ። ፋብሪካ የሠራውን፣ ነጋዴ በካርቶን ያመጣውን፣ ሌላ ሰው የለኮሰውን ነገር አይቶ የሚያጨበጭብ ሰው ምን ሠራሁ ብሎ እንደሚያጨበጭብ እስካሁን አልገባኝም። «ምነው አክስቴ፣ አላማረሽም?» አለችኝ የእህቴ ልጅ። ፊቴ ዱሮም ለደስታ አልተሠራም ብያት አመለጥኩ።

ብልጭታውን ንቄዋለሁ፤ ሽታውን ግን መናቅ አልቻልኩም። ያ የተቃጠለ ብረት ሽታ፣ ከከሰል ጢስ ጋር ሲቀላቀል ምላስ ላይ የሳንቲም ጣዕም የሚተወው፣ ከኬኩም ከካፌውም ነጥቆ እዚሁ ጎንደር፣ አንዲት ጠባብ መንደር ውስጥ፣ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ሽቦ እስኪደርቅ ቁጭ ብድግ ወደምልበት የመስከረም ፀሐይ መለሰኝ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ልገባ ነው።

ፍንጣሪት እንላት ነበር። ለመስቀል ዋዜማ አዋቂዎቹ ችቦ ሲያስሩ እኛ የመንደሩ ልጆች በእጅ የምትያዝ፣ ስትወዛወዝ ብልጭታ የምትረጭ ዘንግ እንሠራለን። ክረምት ሲወጣ አጥንቱ ያልተሰበረ ጃንጥላ ያለበት ቤት ስለማይገኝ ሽቦው ከጃንጥላ ይመጣል። ከሰሉ ይወቀጥና በእናቶቻችን ነጠላ ይነፋል፤ ለዚሁ ነጠላ በየዓመቱ እንገረፋለን፤ በየዓመቱም ደግመን እንነፋበታለን። የግራር ሙጫ ለብ ባለ ውኃ ይሟሟል፣ ከከሰሉ ዱቄት ጋር ይለወሳል፣ የብረት ብናኝ ይጨመርበታል፣ ሽቦው እየተነከረ ይሰጣል፣ ሲደርቅ እንደገና ይነከራል። ዋዜማው ላይ ጫፏ ከችቦ እሳት ይለኮስና ክንድ እስኪዝል ትወዛወዛለች፤ ቆም ካሉ እሷም ትቆማለች። ልፋት ነበረባት ማለቴ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ልጆች የክብሪት ራስ ፈርፍረው ሽቦ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ አንዴ ቦግ፣ ከዚያ ግማት፣ ከዚያ ምንም። እነዚያን ልጆች እንንቃቸው ነበር፤ ካደግሁም በኋላ አስተያየቴን የምለውጥበት ምክንያት አላገኘሁም።

የፍንጣሪት ነፍሷ ብናኙ ነበር፤ ብናኙ ደግሞ በመንደራችን ካንድ ሰው በቀር ከማንም ዘንድ አይገኝም። አያ ይርጋ ብረት ሠሪ ነበር። ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለች የቤተ እስራኤል መንደር መጥቶ የጎረቤታችንን የእትዬ ጥሩነሽን የጓሮ ቤት ተከራይቶ፣ ደጁ ላይ ባቆማት ጥላ ሥር ወናፉን ተክሎ ማጭድና ማረሻ ይሠራል፣ ቢላዋ ይሞርዳል። ከተማ የገባው ሥራ ፍለጋ አልነበረም፤ ማረሻ የሚያሠራ ገበሬ ያለው ገጠር ነው። የገባው ለልጁ ለእናትነሽ ሲል ነው። የመንደራቸው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ ሚስቱንና ታናናሾቹን እዚያው ትቶ፣ እናትነሽ የቻለችውን ያህል እንድትማር ይዟት መጣ። «እኔ ብረት ስቀጠቅጥ ኖርሁ፤ እሷ እስክሪብቶ ትያዝ» ይል ነበር። ሌላ ምኞት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እናትነሽ አምስተኛ ክፍልን ከኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጣ ተማረች፤ በሒሳብ ክፍሉን ሁሉ ታስከነዳ ነበር፤ እኔም ከሷ እየገለበጥኩ ጎበዝ ተባልኩ።

ከትምህርት ስንመለስ ሁለታችንም ደብተራችንን ሳናስቀምጥ ጥላው ሥር እንገባለን። አያ ይርጋ ከሞረዱ ሥር የሚወርደውን ብናኝ ለኛ ብሎ በቆርቆሮ ክዳን ያጠራቅምልን ነበር፤ የማረሻውን ለብቻ፣ የቢላዋውን ለብቻ። የማረሻው ብናኝ ቀይና ከባድ ፍንጣሪ ይረጫል፣ የቢላዋው ነጭና ቅርንጫፍ ያለው፤ ይህን ያስተማረን እሱ ነው። «ሦስት ቀን ጠሐይ ሳይመታት እንዳትነኳት። እርጥብ ከሆነች ትተፋለች» ይለን ነበር። ክንዱ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ በቃጠሎ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ነውና ስለ እሳት ሲናገር የማያምነው ልጅ አልነበረም። ከኔ በቀር ማለቴ ነው፤ እኔ ችኩል ነበርኩ።

መንደሩ አያ ይርጋን እንዴት እንደሚይዘው ለማያውቅ ሰው ልንገር። ማጭዱን ያሠራዋል፣ ዋጋ ይከራከረዋል፣ ማጭዱን ግን ከእጁ አይቀበልም፤ «መሬት ላይ አስቀምጠው» ይለዋል። እናቶች እሱ ሲያልፍ ሕፃን ይሸፍናሉ። ምክንያቱም ብረት ሠሪ ቡዳ ነው፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። እትዬ ጥሩነሽ ይህ ሁሉ ካፏ የማይጠፋ ሴት ናት፤ የጓሮ ቤቷን ስታከራየው ግን ቡዳነቱ አልታያትም። መስቀል ሲመጣ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ሥጋውን የሚቆርጠው በሱ ቢላዋ ነው። ቡዳው በሥጋው ቀን የት እንደሚሄድ የነገረኝ የለም። እንዲህ ያለው ነገር ፍርሃት እንኳ አይባልም፤ ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ወጥነት ይኖረው ነበር።

አባቴ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው ብዬ አምን ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ቁስል የሚያጥብ ድሬሰር ነው፤ በመንደሩ ነጭ ካፖርት የሚለብስ እሱ ብቻ ነው፤ ሬዲዮ ያዳምጣል፣ ራት ላይ ስለ ጀርም ያስረዳናል። «ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ቆሻሻ እጅ ነው» ይለን ነበር። እኔም በዚህ ንግግሩ ኮርቼ ለእናትነሽ ነግሬያታለሁ። እሷም ለአባቷ ነገረችው። አያ ይርጋ ከዚያ ወዲያ አባቴ ሲያልፍ ወናፉን ትቶ ብድግ ይል ነበር።

በዋዜማው ያደረግሁት ነገር ይህ ነው። የእናትነሽ ፍንጣሪት ሦስቱንም ቀን ደርቃ ተዘጋጅታለች፤ የኔ ከሷ ቀጥና ታየችኝ፤ በጠዋቱ ማንም ሳያየኝ አንድ ጊዜ ጨምሬ ነከርኳት። ጀምበር ስትጠልቅ ለኮስን። የእናትነሽ እንደ ወፍጮ ዱቄት እኩል እየረጨች ዞረች፤ የኔ ሁለት ጊዜ ተወዛወዘችና ጠሽ ብላ ተፋች፤ የጋመ ጥፍጥፍ እጄ አንጓ ላይ አርፎ ተጣበቀ። አልጮህኩም፤ እናትነሽ ፊት ማልቀስ ስላሳፈረኝ ሮጬ ቤት ገባሁ። እናቴ የመንደሩን ሐኪምነት በሙሉ ይዛ ተነሳች፦ ቅቤ፣ በላዩ የቡና ዱቄት፣ በላዩ ከአሮጌ ቀሚስ የተቀደደ ጨርቅ። አባቴ ማታ ሲገባ አየውና «መታጠብ አለበት» አለ። እናቴ «ውኃ ያመረቅዘዋል፤ አትንካት» አለችው። አባቴም ራቱን በላ።

በአራተኛው ቀን ቁስሉ ሸተተ፣ ትኩሳቱ አናቴ ላይ ወጣ፣ እህል አልቀምስ አልኩ፣ እቃዥ ጀመር። ያቃጠለኝ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ብናኙ ከማን እንደመጣ ታወቀ። ከዚህ በኋላ ማንም ስለ ቅቤው አላነሳም። እትዬ ጥሩነሽ ተጠራች፤ ቡዳ የያዘውን ሰው በማስለፍለፍ የሚደርስባት አልነበረም። አባቴ ከሆስፒታል ኪኒን አምጥቶ እናቴ ወደ ማድቤት ስትወጣ በውኃ ያውጠኝ ጀመር። ለምን በድብቅ እንደሆነ ያኔ አልጠየቅሁም፤ የታመመ ልጅ የሰጡትን ይውጣል።

ማስለፍለፍ ላላየ ሰው ቀላል ነገር ነው። በሽተኛውን በጋቢ ይሸፍኑና ከሥሩ ሥራሥርና ነጭ ሽንኩርት ያጨሳሉ። ቡዳው በበሽተኛው አፍ «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ ስሙን እስኪናገር ድረስ ጋቢው አይነሳም። «ማን ነህ? ከየት አገኘሃት?» ትላለች እትዬ ጥሩነሽ፤ እኔ ሳል ብቻ እመልሳለሁ። ጢሱ ይጨመራል። ከዚያ ቀደም ሌሎች ሲለፈልፉ አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንዳለብኝ፣ በምን ድምፅ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ የሚጠብቁትንም ስም አውቀዋለሁ። ትኩሳት ላይ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላታልል እችል ነበር፤ ግን አልነበረም፣ ያን ሰዓት አእምሮዬ እንደ ቀትር ፀሐይ ጥርት ብሎ ነበር። ጢሱን ለማምለጥ ድምፄን አጎርንኜ «ይርጋ ነኝ» አልኩ። ጋቢው ተነሳ። አየሩ ሲገባኝ የተሰማኝ ደስታ ዛሬ ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል።

ቡዳ ሲታወቅ መድኃኒቱ የሚታወቅ ነው፤ የበላው ሰው መጥቶ እትፍ ካለበት ይለቃል። እትዬ ጥሩነሽ ወደ ጓሮ ቤቷ ሄዳ አያ ይርጋን ያለችውን እናትነሽ በበሩ ቀዳዳ ሰምታ በኋላ ነግራኛለች። «እትፍ በልባትና ይለፍ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይነካሃል? ልጅህም ትማራለች። እምቢ ካልክ ግን ነገ ቤቴን ልቀቅ» ነበር ያለችው። እትፍ ካለ ቡዳነቱን አመነ፤ እምቢ ካለ ልጅ ሊገድል ነው። እሱ ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። ማወቁ ግን ምን ያደርግለታል? ሰኞ ትምህርት ይከፈታል።

እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ኩታ ለብሶ መጣ። እናትነሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ለሰኞ የተዘጋጀውን ዩኒፎርሟን ለብሳለች፤ ለምን እንደለበሰችው አላውቅም። ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። አያ ይርጋ መጀመሪያ እጄን ብድግ አድርጎ ጨርቁን ገለጥ አደረገና ረጋ ብሎ አየው። «ይህ እኮ ቃጠሎ ነው» አለ፤ የራሱንም ክንድ ገልጦ አሳያቸው። «ይኸው፣ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ... ቃጠሎ ነው። ሲያመረቅዝ ያተኩሳል።»

«እትፍ በል!» አለች እትዬ ጥሩነሽ።

ዞር ብሎ ራስጌዬ የቆመውን አባቴን አየ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ሐኪም ነዎት» አለው። «ምነው ዝም አሉ?»

አባቴ ጫማውን አየ። ኪኒኑ ኪሱ ውስጥ ነው፤ በወረቀት የተጠቀለለ፤ ሱሪው ላይ ወጣ ብሎ ይታየኛል። በአገራችን ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ይህን ተረት የፈጠረ ሰው ያን ቀን እቤታችን ቢኖር ሽታውን ያውቀው ነበር።

አያ ይርጋ ጎንበስ አለ። ፊቱ ፊቴን ሊነካ ትንሽ ቀረው። «አይዞሽ ልጄ» አለኝ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ከዚያ እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ አለ። ምንም አልወጣም። አፉ ደርቆ ነበር፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። የከሰል ሽታ ያለው ትንፋሽ ብቻ ፊቴ ላይ አረፈ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልነካችኝም። ሴቶቹ እልል አሉ።

ኪኒኑ ሦስተኛ ቀኑ ነበርና በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ ምሳ ጠየቅሁ። መንደሩ ማስረጃውን አገኘ። እትዬ ጥሩነሽ ከቤት ቤት እየዞረች «በገዛ አፉ መሰከረ! ተፋባት፣ ዳነች! ከዚህ ወዲያ ምን ቀረ?» ትል ጀመር። የገባችለትን ቃል ያስታወሳት ሰው አልነበረም፤ ቃሉን የሰሙት ሁለት ፈላሾች ናቸው፣ እነሱንም ማን ሊያምናቸው? በስድስተኛ ክፍል እናትነሽ ሦስት ቀን ከኔ ጋር ተቀመጠች። አላኮረፈችኝም፤ ምናልባት ስሙን ማን እንደጠራ አልነገሯትም፤ ምናልባትም አውቃ ይሆናል። በአራተኛው ቀን እትዬ ጥሩነሽ የጓሮ ቤቷን አስለቀቀች። ሌላ የሚያከራያቸው አልተገኘም፤ የታወቀ ቡዳ ማን ያስገባል? አያ ይርጋ ወናፉን አጥፎ አህያ ላይ ጫነ። እኔ በመስኮት አየኋቸው። የእናትነሽ ደብተሮች በሞረዱና በመዶሻው መሐል ተጠቅልለው ነበር።

ያኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። አባቴ «ኪኒን ሰጥቻታለሁ» ቢል፣ ወይም እኔ «ምራቅ አልነካኝም» ብል፣ ቢያንስ እትዬ ጥሩነሽ የምትዞርበት ወሬ ታጣ ነበር። ደጃፉ ክፍት ነው፤ ከመስኮቱ እስከ አህያው ሃያ እርምጃ አይሞላም። መጋረጃውን መለስኩትና የሒሳብ ደብተሬን ከፈትኩ፤ የሚያስገለብጠኝ ሰው ስለሌለ ግን ወዲያው ዘጋሁት።

ከትክል ድንጋይ የመጣ ገበሬ በኋላ እንዳወራልን እናትነሽ በዚያው ዓመት ተዳረች። ከዚያ ዓመታት አልፈው የመንደራቸው ሰው ሁሉ ወደ እስራኤል ሄደ፤ እነሱም አብረው ሄደዋል ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም። አሁን ደግሞ ተዉኝ ልሳቅ፦ የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ቱሪስት ያስጎበኛል። ያችን የጓሮ ቤት ነጭ ቀብቷት፣ «እዚህ ቤተ እስራኤሎች ከኛ ጋር እንደ አንድ ቤተሰብ ኖረዋል» እያለ ፎቶ ያስነሳበታል። የሸክላ አንበሳም ይሸጣል። እናቱን ያላየ ሰው ያምነዋል። እኔ ባጠገቡ ሳልፍ «ምነው እትዬ፣ ገባ በይ እንጂ» ይለኛል፤ አልገባም፤ ምክንያቱን ግን ነግሬው አላውቅም።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ በሚውልበት ዘመን አንድ ቀን ጎኑ ተቀምጬ ጥፍሩን እየቆረጥኩለት ነበር። ብዙ ዓመት የንቀት ስንቅ ይዤለት ኖሬያለሁ። እሱ ስለ ጀርም ባወራ ቁጥር፣ ልጅ ላሳድግ ብሎ ስለ እውነት ምክር በሰጠ ቁጥር፣ በሆዴ ስንቁን እፈታና እቋጥር ነበር። ያን ቀን ለምን እንደወጣ አላውቅም።

«ኪኒኑን ምነው ሳትናገር ቀረህ?» አልኩት።

የቱ ኪኒን አላለኝም። «እናትሽ በሰው ፊት ታፍራለች ብዬ» አለ።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ እልል ተባለ።»

መልሱ አናደደኝ። እሱ የማያውቀውን፣ እኔ ብቻ የማውቀውን አውጥቼ ልመታው ፈለግሁ። «ታውቃለህ አባዬ? ሰውየው ምራቅ እንኳ አልወጣውም። እትፍ እትፍ ሲል አፉ ደርቆ ነበር። ምንም አልነካኝም» አልኩት።

«አይቻለሁ» አለኝ። «ራስጌሽ ነበርሁ እኮ። ዓይንሽ ክፍት ነበር። አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁ።»

አንድ የተማረ ትልቅ ሰው፣ ኪኒኑን በኪሱ ይዞ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እስክትናገር ጠበቀ። ልስቅበት ነበር፤ ስድቡም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ እኔ ራሴ ከዚያች ቀን አንሥቶ፣ ልጅነቴ አልፎ፣ ትዳር ይዤ፣ ወልጄ፣ እሱ እስኪናገር ስጠብቅ እንደኖርኩ ገባኝ። መቁረጫውን አንሥቼ የቀረውን ጥፍሩን ጨረስኩለት። እኔና አባቴ እንዲህ ስንጠባበቅ እናትነሽ ከስድስተኛ ክፍል የተማረችው ሦስት ቀን ብቻ ነው።